በሽማግሌዎች ደረት ላይ የተሰፋ ፎርም

የናይሮቢ ሐበሾች ዕድር አባላቱን በኢንተርኔት እንደ አዲስ ሊመዘግብ ሲነሣ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት፣ ሥራው ለፋኑኤል ተሰጠ። ፋኑኤል መሃል ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ዌብሳይት ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው፤ ክፋቱ ወርቅነቱ ካልታየለት እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በነጭ ገጽ ላይ ሳጥን መደርደርን ናቀ። የኮሚቴውን የቡድን ፎቶ ከነግርማው ገጹን ሞልቶ ዘረጋና፣ የፎርሙን ሳጥኖች በሽማግሌዎቹ ነጭ የአገር ልብስ ላይ አስቀመጣቸው። ጠርዝ ነሳቸው፣ ውስጣቸውን እንደ መስታወት አሳላፊ አደረገ፣ «ሙሉ ስም»፣ «ስልክ» የሚሉትንም ጽሑፎች ከነጠላው ጥለት ጋር አመሳሰላቸው። እዚያ ላይ ሲጻፍ ፊደሉ በመርፌ የተጠለፈ ይመስላል። ራሱ ሠርቶ ራሱ ተደነቀ።

አንድ ነገር ግን ቸገረው። ፎቶው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የድንበር ጦርነት በፊት የተነሣ ነው፤ ዳር ላይ አቶ ዘርእዝጊ ቆመዋል። ከሊቀ መንበሩ ከአቶ ገብረመድህን ጋር ሆነው ዕድሩን የመሠረቱ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ናይሮቢ ውስጥ ዘመድ የላቸውም፤ ፋኑኤልም ካሳራኒ ሰፈር የሚኖረው እሳቸው ዘንድ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ሁለቱ መሥራቾች አይነጋገሩም።

«አጥፋው» አሉት አቶ ገብረመድህን። «እስከ ቅዳሜ ማታ ስሙን ያላስገባ ከዕድሩ ተሰርዟል። እኔም ብሆን! እሱ መቼም አይመዘገብም፤ በዚያው ይወጣል።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ሲሞቱ ማን ይቀብራቸዋል?»

«አገሩ ይቅበረው።»

ፋኑኤል ጀግና አይደለም። እምቢም እሺም ሳይል «ላክ» የሚለውን ቁልፍ አቶ ዘርእዝጊ ላይ ጫነባቸው። ቁልፉንም እንደ ሌላው አሳላፊ ስላደረገው ሽማግሌው ከሥሩ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሊቀ መንበሩ ሲቆጡት «ሳዋ፣ እሺ ጋሼ፣ ቴክኒክ ነው» አላቸው ስዋሂሊ እየቀላቀለ። ለቴክኒክ መልስ ያለው ሽማግሌ የለም።

እሑድ ረፋድ ላይ ኮሚቴው ሩንዳ ሰፈር፣ በአቶ ገብረመድህን ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ። መቶ አርባ ሦስት ፎርም ደርሷል።

«አንብብ!» አሉ ሊቀ መንበሩ በደስታ።

ፋኑኤል ላፕቶፑን ከፈተ። «አንደኛ። ሙሉ ስም፦ ጋሽ ገብረመድህን እንደምን ሰነበቱ፣ ነጠላው አምሮብዎታል።»

«እህ?»

«ስልክ፦ እትዬ የሺወርቅ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?»

ሁለተኛውም ያው ነው፣ ሃምሳኛውም። ኑሬ ከሚባለው ነጋዴ ኢሜይል የመጣው በአድራሻው ቦታ ሙሉ ምርቃት ይዟል። ሰው ምን ጥፋት አለበት? በጥለቱ ውስጥ የተደበቀው ጽሑፍ አልታየውም። የታየው የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ፊት ለፊቱ መቆማቸው ነው። ሐበሻ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ስልክ ቁጥሩን አይዘረግፍም፤ መጀመሪያ ሰላም ይላል። ሰላምታው ሳያልቅ ቦታው አለቀ።

«እኔም እኮ በፎርሜ ላይ ጉልበቴን ለሚጠይቁኝ ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎኛል" ብዬ ጽፌያለሁ» አሉ የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ የሺወርቅ።

«እርስዎስ ጋሼ?» አለ ፋኑኤል። «ከእርስዎ ኢሜይል የመጣው "አለሁ" ብቻ ነው የሚለው።»

«ታዲያ በገዛ ደረቴ ላይ ስሜን ልጻፍ? ፊቴ ይታይ የለም እንዴ?»

ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ከተነበበው ውስጥ ስሙን ያስገባ የለምና ዕድርተኛው በሙሉ ተሰርዟል።

«ዕድሩ ፈረሰ በሉኛ!» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ።

«አልፈረሰም» አለ ፋኑኤል። «አንድ ሰው አለ።»

አቶ ዘርእዝጊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአየር መንገድ ጭነት ክፍል ፎርም ሲሞሉ የኖሩ ሰው፣ በማጉያ መነጽር እያንዳንዷን ፊደል ከጥለቱ ውስጥ ለቅመው አውጥተዋል። ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ ዕድሜ ሰባ አራት። ፋኑኤል የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበ።

«ሞት ቢደርስ ቀድሞ የሚነገረው፦ ወንድሜ ገብረመድህን።» ቁጥርም ነበረው። አነበበው።

አቶ ገብረመድህን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«የድሮው ቤቴ ስልክ ነው» አሉ። «ከተቆረጠ አራት ዓመቱ። አዲሱን አልሰጠሁትም።»

ፋኑኤል አንገቱን ደፋ። በእኚህ ሰው ላይ ቁልፍ መጫኑ አሳፈረው፤ ከልቡ አፈረ።

«ተነሥ፣ ካሳራኒ እንሂድ» አሉት ሊቀ መንበሩ።

«ሊቀ መንበር ሆነህ እንዳትሄድ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። «በሕግህ አባልም አይደለህ። ዕድሩ እሱ ብቻ ነው፤ እንዲመዘግበን ለምንልን።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ገብረመድህን። ወረቀት ቀደው አዲሱን ቁጥራቸውን በትልልቁ ጻፉና ኪሳቸው ከተቱ። መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሡ ወደ ፋኑኤል ዞሩ።

«ሞቶ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይጠራ ነበር?»

«አይጠራም ነበር ጋሼ» አለ ፋኑኤል።