የቻው ትርጉም

መስዑድን ያስገደለው አንድ ቃል ነው። ቃሉን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

መስዑድ በጣና ላይ ቱሪስት የሚያመላልስ ባለጀልባ ነበር። አንድ ጣሊያናዊ ስለ አገሩ ልማድና ታሪክ ለመንገደኛ የተጻፈ መጽሐፍ ጀልባው ላይ ረስቶ ሄደ። እኔ አስመራ፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ መካኒክ ስለሆንኩ፣ እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን አነብለት ነበር። የቬኒስ መንገድ ውሃ መሆኑን የሰማ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስንደርስ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «ቻው» ማለት ድሮ ቬኒስ ውስጥ «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነበር ይላል።

ዘመኑ 1970 ነው። የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ አስማማው የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሽጉጥ ከወገቡ፣ «ቻው» ከአፉ አይለይም። ሰው ሲያስረሽን እንኳ «ቻው» ይላል። አንድ ቀን ጀልባዎቹን ፈትሾ ሲጨርስ «ቻው!» ቢል፣ መስዑድ አፉን መያዝ አቃተው።

«ጓድ፣ ባሪያችሁ ነኝ አሉን እኮ!»

ወደቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። መስዑድን እዚያው በሰደፍ እያዳፉ ወሰዱት።

በማግስቱ ጣሊያንኛ የሚያነብ ሰው ሲፈልጉ እኔን አስጠሩኝ። መስዑድን ወፌ ላላ ሰቅለውታል፤ እጅና እግሩ ታስሮ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል። ቆዳው ተልጦ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። የፊት ጥርሶቹ የሉም።

አስማማው መጽሐፉን ደረቴ ላይ ወረወረው። «ከዚህ ነው ያገኘሁት ይላል። ከሌለ፣ አብዮቱን የሰደበው ራሱ ነው። አለ ወይስ የለም?»

«ወላሂ አለ!» አለ መስዑድ። «ጋሼ ዓምደ ሚካኤል፣ እርስዎ ጣሊያንኛ ያውቃሉ። ገጽ አርባ አንድን ያንብቡላቸው። እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርሁ።»

ከማን እንደሰማ ግን አልተናገረም። ያን ሁሉ ተገርፎ ስሜን አላወጣም።

ገጹን ገለጥኩት። ቃሉ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አለ ብል፣ ያስተማርከው አንተ ነህ ሊለኝ ነው። ደም የነካውን ገመድ አየሁት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«የለም» አልኩ። «ስለ ፓስታ አቀቃቀል ነው የሚያወራው።»

መስዑድ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ምነው በሰደበኝ። አስማማው ሽጉጡን የመስዑድ ጆሮ ሥር ደግኖ ተኮሰ፤ ደሙ እጄ ላይና መጽሐፉ ላይ ተረጨ።

ከዚያ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «በል ወደ ቤትህ ግባ፣ ሽማግሌ። ቻው!»

በሩ ጋ ደረስኩና ዞር አልኩ።

«ቻው፣ ጓድ» አልኩት። ትርጉሙን እያወቅኩ።