የሩቡ ሰው መንገድ

ማዘጋጃ ቤቱ «ለመንገዳችሁ ስም ምረጡ» ብሎ ከጻፈ ወዲህ ቲራ እንቅልፍ የላትም። አያቷ በዘመኑ የመንደሩ ፊየርዲንግስማን ነበር፤ ሌባ ያዥ፣ ጠብ ገላጋይ፣ የመንግሥት ትእዛዝ አድራሽ። ማዕረጉን በሰሌዳ ላይ ሳታይ መሞት አትፈልግም። ምርጫው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጎረቤቷ ሲክስተን «የእንጆሪ መንገድ ይባል» እያለ ግማሹን መንደር አሳምኗል።

«ፊየርዲንግ ማለት ሩብ፣ ማን ማለት ሰው አይደል?» አላት አጥሩን ተደግፎ። «ሩብ ሰው! ሦስቱ እጅ የት ሄዶ ነው?»

«አንተ ሆድ ውስጥ ነዋ!»

ነገሩ ግን ከነከናት። ጣሪያው ሥር ወዳለው የዕቃ ማስቀመጫ ወጥታ የአያቷን ሣጥን ገለበጠችው። ከሥሩ አንድ ክንድ የሚሆን የጥድ ዱላ ወጣ። ስድስት ምልክት ተቀርጾበታል፤ የድሮ ገበሬ የኔ ነው ለማለት በየዕቃው ላይ የሚቀርጸው የየቤቱ ምልክት። የነሱ ቤት ምልክት ከሁሉም ታች ነው። በዱላው ላይ የተጠቀለለው ወረቀት የአያቷ ጽሕፈት ነበር፦

«ወረዳው ለአራት ተከፍሎ እኛ አንዱ ሩብ ሆንን። ሩባችንም ከመሃሉ ሰው ያቆማል፤ በየተራ። ተራው ያለቀ ዱላውን ለቀጣዩ ቤት ያስረክባል። ከኔ በኋላ ደመወዝተኛ ፖሊስ ስለመጣ ዱላው እኔው ጋ ቀረ።»

«የሩቡ ሰው!» ብላ ጮኸች ብቻዋን። ንጉሥ የላከው ሳይሆን ጎረቤት ያቆመው! ወዲያው ግን ትንሽ ቅር አላት፤ ለካ ማዕረጉ የአያቷ ብቻ አልነበረም። ከሁሉም ላይ፣ መጀመሪያ የተቀረጸውን የወፍ እግር የመሰለ ምልክት ስታይ ግን ቅሬታው ብን አለ። ይህን ታውቀዋለች! ዱላውንና ወረቀቱን ይዛ በካልሲዋ እየሮጠች አጥሩን ዞረች።

«ሲክስተን! ያን አሮጌ መንሽህን አምጣ!»

«ምን ልትቀጪኝ ነው?»

«አምጣ አልኩህ!»

አመጣ። የመንሹ እጀታ ላይ ያው የወፍ እግር አለ። ሲክስተን ዱላውን አየ፣ መንሹን አየ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ጆሮው ቀላ።

ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ቲራ ልትናገር ገና ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሲክስተን ቀድሟት ተነሣ።

«የእንጆሪ መንገድ የሌለው መንደር የት አለ? እኛ እኮ የራሳችን ሰው የነበረን ሰዎች ነን!» ብሎ ዱላውን ከፍ አደረገ። ሰዉ ምልክቱን ሊፈልግ ተጋፋ። «ይሄ የኛ ነው!» «ኧረ የኛ!» ሆነ።

ለ«የሩቡ ሰው መንገድ» እጅ ተቆጠረ። አንድም የተቃወመ የለም።

«ሰሌዳው ታዲያ ከኔ ደጅ ነው የሚተከለው» አለ ሲክስተን፣ «ቀዳሚዎቹ እኛ ነና!»

«ጉድጓዱን ከቆፈርክ ተስማምቻለሁ» አለችው ቲራ።