የተቀባው ጄኔሬተር

"አጥፋው!" አለ ሰላሁዲን። ሹፌሩ ክንዱ የትራክተሩን ሞተር አጠፋ።

ሞተሩ ደህና ነው። ከትራክተሩ ኋላ የተጫነውን ጄኔሬተር የሚያዞረው ዘንግም እንደ ልቡ ይሽከረከራል። መብራት ግን የለም፤ በባትሪ ሊያነቃቃው ቢሞክርም ወይ ፍንክች። ጠጋኙን ሰላሁዲንን ከባሕር ዳር ድረስ በመኪና ጭነው ያመጡት ለዚሁ ነበር። ጣና ዳር ያለው አምራች ማኅበር ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ተሰብስቦ፣ ንግግሩ ሊጀመር ሲል ድምፅ ማጉያው ትንፍሽ አልል አለ። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ መርስዔ ኀዘን በዚያው ዕለት "አሻጥረኛ" ተብሎ ታሰረ። ይኸው ዘጠኝ ቀኑ።

ሰላሁዲን የኋላ ሽፋኑን ፈታ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች የሚያርፉባቸው የመዳብ ቀለበቶች ቀይ ቀለም ተለቅልቀዋል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለበዓሉ ብለው ሆዱን ሳይቀር ቀብተውታል።

"ውስጡን ማን ነው የቀባው?"

ክንዱ ዙሪያውን ገላመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጓድ ደሞዝ ናቸዋ፤ 'ውስጡም ይቅላ' ብለው። መርስዔ ኀዘን 'ኧረ እዚህ ላይ ቀለም አይነካም' ቢላቸው፣ 'ቀይ አስጠላህ?' አሉት። አጠገቡ ነበርሁ፤ ምን ልበል?"

ሰላሁዲን ሳቁ መጣና ወዲያው ጠፋ። ለዚህ ብለው ነው ሰው ያሰሩት! ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አስለቀቀ፤ ካርቦኖቹን መለሰና "አስነሳው!" አለ። አምፖሉ ቦግ አለ።

የመርስዔ ኀዘን ሚስት ፀሐይወርቅ ለእስረኛው የቋጠረችውን ስንቅ እንዳንጠለጠለች እልል እያለች ከአጥሩ በር መጣች።

"እኔ ልሙትልዎ ጋሼ! የእሱ እጅ እንደሌለበት ይነግሩልኛል?"

"እነግራለሁ፣ እህቴ። በሩ ላይ ጠብቂኝ።"

የጓድ ደሞዝ ቢሮ ሲገባ ወረቀቱ ቀድሞ ተተይቦ ጠበቀው። "ሆን ተብሎ የተፈጸመ ብልሽት" ይላል፤ የጎደለው የባለሙያ ፊርማ ብቻ ነው።

"ጓድ፣ ያበላሸው ቀለሙ ነው። ሰውየው ምንም አላጠፋ።"

ካድሬው ደሞዝ አልተቆጣም። "ለአብዮቱ የተቀባው ቀለም ነው ያበላሸው ልትል ነው?"

"እንግዲያው እርጅና ነው ብለን እንጻፈው።"

"እርጅና አይታሰርም። ለበላይ አካል አሻጥር ነው ብለን አሳውቀናል።" ሲጋራውን አቀጣጠለ። "ልጅህ ሙሀመድየሱፍ ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላው አይደል? ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለምለው የቀበሌያችሁ ሊቀመንበር እኮ ወዳጄ ነው።"

ሰላሁዲን ሃያ ዓመት ማሽን ሲጠግን ስለ ብልሽት ዋሽቶ አያውቅም፤ ስሙ የተጠራውም በዚሁ ነበር። እስክርቢቶውን አነሳና ፈረመ።

ሲወጣ ክንዱ ጠራው። "ጋሼ፣ መኪናው በሩ ላይ ነው፤ ፀሐይወርቅም እዚያው ትጠብቅዎታለች። ይምጡ ላድርስዎ።"

"በውሃው ዳር በእግሬ እሄዳለሁ።"

"እስከ ባሕር ዳር እኮ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል!"

ሰላሁዲን የመፍቻ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አደረገና በጓሮው በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ።