ከኖራው ሥር ያሉ ስሞች

ዶዘሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ኖራውን በመፋቂያ ይፍቃል። ሻለቃው «ሳይፈርስ የሕንጻውን ታሪክ ጻፍልኝ» ብሎ አዞታል፤ የእሱ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው።

አሮጌው የወታደሮች መኝታ ቤት መጀመሪያ የበቅሎ ጋጣ ነበር፤ ኋላ የቁስለኛ ማረፊያ፣ ከዚያም የዘማች ማደሪያ ሆነ። በዘማቾቹ ጊዜ አንድ ልማድ ነበር። የሚዘምት ሁሉ ከአልጋው ራስጌ ስሙን በምስማር ይጭራል፤ በደህና ሲመለስ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። የሌላውን ስም የሚነካ የለም። ኋላ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ ስሞቹ ከሥሩ ቀሩ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አባት ከዚህ ዘምቶ ቀረ። መርዶ ግን አልመጣም። የሰፈሩ ሰው «የት ይሞታል፣ ሌላ አግብቶ ነው» እያለ እናቱን ሠላሳ ዓመት በነገር ሲወጋት ኖሯል። ስሙ ተሰርዞ ከተገኘ፣ ሰውየው ከጦርነቱ ተርፎ ቤቱን ረግጦ ሄዷል ማለት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳውን ነው ወይስ ኃጢአትህን የምትፍቀው?» አሉ የበር ጠባቂው፣ ሽማግሌው አሥር አለቃ።

«አሥር አለቃ፣ ሦስተኛው አልጋ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ሲያንኮራፋ ጫማ እየወረወርኩ የማስነሳው እኔ አይደለሁ! ቆስዬ ቀድሜ ባልመለስ ኖሮ መጨረሻውንም እነግርህ ነበር።»

በዚያ አልጋ ተራ በተራ ካደሩት የአንዱ ስም ወጣ፤ ተሰርዟል። ሁለተኛው፤ ተሰርዟል። ሦስተኛውም። «አምላኬ ሆይ» አለና የሚለምነው ጠፋው። አባቴ ሞቶ ይሁን ተብሎ ይጸለያል?

የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቅ አለ። በላዩ ላይ ቀጭን መስመር አልፏል። አሥር አለቃ ጎንበስ ብለው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፤ መስመሩ ከስሙ አልፎ እስከ ጣሪያው ወጣ።

«ስንጥቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ግድግዳው ነው የተሰነጠቀው።» ቆባቸውን አወለቁ።

ልጁን ደስ አለው። ወዲያው በደስታው ደነገጠ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን ታቅፋ ለተቀመጠችው እናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ አልተሰረዘም።»

«ተመስገን» አለች። «ወይ አፌ! ምን አልኩ እኔ!»

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ በሩን ስትበረግደው ተሰማው። ጎረቤቶቿን በየስማቸው እየጠራች ትጮኻለች።

«ኑ! ባሌ ሞቷል! ኑና አልቅሱልኝ!»