የፓወል አባት

«ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ሰርካዲስን ይህን የጠየቋት ሽማግሌ እንዲሆኑላት የለመነቻቸው ጋሼ ግርማቸው ነበሩ። ልጇን ማዕዶትን ሊያገባ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ስሙ አንድሬ ፓወል እንደሆነ፣ ዌስትቼስተር በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ እንደሚሠራ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮት እንደሚስቅ ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ አታውቅም። «አባቱ አቶ ፓወል የሚባሉ ሰው ናቸው» አለቻቸው። ማታ ይህንኑ ለማዕዶት ብትነግራት ልጅቷ ሳቀችባት።

«የአባቱ ስም ኧርነስት ነው፣ ማሚ። አያቱም ፓወል ነው፣ ቅድመ አያቱም።»

«ታዲያ ፓወል ማነው?»

«ማንም! ላስት ኔም ነው፣ በቃ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርካዲስ እንቅልፍ የላትም። ባሏ ዘለቀ የሞተው ማዕዶት ገና ድክ ድክ ስትል ነው፤ ለልጁ ያወረሳት ስሙን ብቻ ነበር። አሁን ማዕዶት እንደዚህ አገር ልማድ የባሏን ስም ስትይዝ ያ ስም ሊወድቅ፣ በቦታው ማንም ያልሆነ ሰው ሊቆም ነው። እንቢ እንዳትል ደግሞ ማዕዶት ቁርጡን ነግራታለች፤ የአንድሬ አባት ፊት ካሳፈረቻቸው ሁለቱ ብቻቸውን ሄደው ይፈራረማሉ፣ የእናት ምርቃትም ይቀራል።

ሰርካዲስ ማንበብ የተማረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ እሱም እዚሁ አሜሪካ፣ ላይብረሪ ውስጥ ለአዋቂዎች በሚሰጥ የማታ ትምህርት። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ስለ ፓወል አስተማሪዋን ጠየቀቻት። አስተማሪዋ ስለ ስሞች ከሚያወራ መጽሐፍ አንድ ገጽ ቀድታ ሰጠቻት።

ገጹን ስትጨርስ ፒኮ መንገድ ላይ የባስ መውረጃዋ አልፏት ነበር። ዌልስ የሚባል አገር አለ። የዚያ አገር ሰዎች ድሮ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነበር። ሃወል የሚባል ሰው ልጅ ሲወልድ «አፕ ሃወል» ይሉታል፣ የሃወል ልጅ ማለት ነው። ያ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የእሱ ልጅ በእሱ ይጠራል። ልክ እንደ እኛ! ኋላ የእንግሊዝ ሕግና የእንግሊዝ ጸሐፊዎች መጡና ስሙ አንድ አባት ላይ እንዲቆም ሆነ፤ «አፕ» እና «ሃወል» ተጣብቀው ፓወል ወጣ። ሰርካዲስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ባሱን ከወረደችበት እስከ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ፓወል ሰው ነበር። አባት ነበረው።

የሽምግልናው ቀን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ። ድርቁ አራተኛ ዓመቱን ይዞ በየደጁ ያለው ሣር ቢጫ ሆኗል። ሰርካዲስ ናፕኪን ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

«ማሚ፣ ፕሊስ። ዘር ምናምን እንዳትጠይቂ። ኦኬ?»

«ሶ ምን ልጠይቅ? ስለ ትራፊክ?»

ጋሼ ግርማቸው ሳቁ። «በአገራችን እኮ ሰባት ቤት ይቆጠራል» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰባት ቤት ብትቆጥር የምታገኘው ፓርኪንግ ነው» አለች ማዕዶት።

የአንድሬ አባት ሚስተር ፓወል ባልድዊን ሂልስ ከሚባለው ሰፈራቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከልጃቸው ጋር መጡ። ምግቡ ተበላ። ከዚያም ልጃቸው እንዳስጠናቸው ብድግ ብለው፣ ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ ብለው ለመኑ። ጋሼ ግርማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ልጁ የማን ዘር ነው?»

ማዕዶት አልተረጎመችም። ሰርካዲስ ግን ተነሳች። ለዚህች ሰዓት በመስታወት ፊት የተለማመደችውን እንግሊዝኛ ቃል በቃል አወጣችው፤ አገራችሁ ዌልስ ነው፣ አባታችሁ ሃወል ነው፣ እናንተም እንደ እኛ በአባት የምትጠሩ ነበራችሁ። ፊቷ በርቶ ነበር።

 አንድሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ማዕዶት አንገቷን ደፋች።

«ሚስ ሰርካዲስ» አሉ ሚስተር ፓወል፣ ማዕዶትም ተረጎመች፣ «የዚያ የሃወል ልጆች የእኔን ቅድመ አያቶች ገዝተው ጥጥ ያስለቅሟቸው ነበር። ስሙ የጌቶቻችን ነው። እኛ ልጆቻቸው አይደለንም።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ወይም ነን። እናቶቻችንን ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም።»

ሰርካዲስ ወንበሩን ያዘች። የተለማመደችው እንግሊዝኛ ከአፏ ጠፋ። በአማርኛ «ታዲያ ለምን አልጣላችሁትም?» አለች፣ በቀስታ።

«ማሚ!»

«ምን አሉ? ተርጉሚልኝ» አሉ ሚስተር ፓወል።

ተረጎመች። እሳቸውም ሰርካዲስን እያዩ መለሱ። «የአያቴ አባት ልጅ ሳለ ጌቶቹ እናቱን ቴክሳስ ወስደው ሸጧት። ነጻ ሲወጡ ሁሉም ዘመዱን ይፈልግ ጀመር። በምን ይፈላለጉ? ስሙን ቢጥለው እናቱ ማን ብላ ትጠይቅ?»

«አገኛት?» አለች ሰርካዲስ።

«አላገኛትም። ስሙን ግን አልለወጠም።»

አንድሬ ተነሳ። «ሌትስ ጎ፣ ዳድ» አለ። አባቱ አልተንቀሳቀሱም። ወንበሩን ገፍቶ ብቻውን ወጣ፤ የጓዳው መጋረጃ ከኋላው ሲወዛወዝ ቆየ።

ማዕዶት ግማሽ ተነስታ፣ ግማሽ ተቀምጣ እናቷን አየቻት። ሰርካዲስ ዓይኗን አወቀችው፤ ሕፃን ሳለች መንገድ ከመሻገሯ በፊት የምታያት በዚህ ዓይን ነበር። ቁጭ በይ ብትላት ልጅቷ ዛሬ ትቀመጣለች። ዛሬ ብቻ። የዘለቀን ስም አሰበች። ከዚያ ስሙን ይዞ እናቱን ሲጠብቅ የኖረው ልጅ ታያት።

«ተከተዪው» አለች።

«ማሚ፣ አንቺስ…»

«ልጁን ብቻውን አትተዪው። ሂጂ! እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።»

ማዕዶት ቦርሳዋን እንኳ በቅጡ ሳታነሳ ሮጠች። ጋሼ ግርማቸው የመኪናዬ ማቆሚያ ሰዓት አለቀ ብለው አጉተምትመው ወጡ። በጓዳው የሚተረጉም አልቀረም። ሰርካዲስ ወንበሯን ወደ ሚስተር ፓወል አስጠግታ ተቀመጠች።

ልጆቹ ሄዱ። ሚስተር ፓወል ቀሩ።