የምድር ድርሻ በጉም መለኪያ

በቺሌ ሰሜን ጠረፍ ሙሉ ዕድሜውን ኖሮ ዝናብ ሳያይ የሞተ ሰው ብዙ ነው። ጉም ግን ምን ገዶት! ካማንቻካ ይሉታል። ከባሕሩ ተነስቶ ተራራውን ሲያለብስ ያረፍድና አንዲት ጠብታ ሳይጥል ይሄዳል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ማካሬና ይህን ንፉግ ጉም ልታስተፋው አስባ፣ ሸንተረሩ ላይ ካሬ ሜትር የምታህል መረብ ወጠረች። በየማለዳው ከሥሯ በተቀመጠው ጀሪካን የሚጠራቀመውን ውሃ ለክታ እንድትጽፍም፣ ከተራራው ሥር ካለው መንደር ዶኛ (እሜቴ እንደማለት ነው) ሳቱርኒናን ለመነች።

ሳቱርኒና ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ወዴት ነሽ ሲሏት "ጉም ላልብ" እያለች አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ወጣች። መንደሩ የሚጠጣው ቦቴ የሚያመጣውን ነው፤ ቦቴው ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ልጇ ኢኪኬ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አብራው እንድትኖር ሲጨቀጭቃት ዓመታት ሆነው። መረቡ ውሃ ከሰጠ ትቀራለች፤ ካልሰጠ መሄዷ ነው። ፎቅ ደግሞ አትወድም።

ዓመቱ ሲያልቅ ማካሬና ደብተሩን ደምራ አካፈለችና ፊቷ ጠቆረ። በቀን በአማካይ ሦስት ሊትር ከስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ነው። ዩኒቨርሲቲው መንደር የሚያጠጡ ትልልቅ መረቦችን የሚሰጠው በቀን አራት ሊትር ለሞላ ቦታ ብቻ ነበር። ሳቱርኒና ስትሰማ ማልቀሱን ለማታ አቆየችው።

በማግስቱ መረቡን ሊነቅሉ አብረው ወጡ። ሳቱርኒና እንደ ልማዷ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ቀዳች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ አንድ ነገር አጉተመተመችና መሬት ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ የቀረውን ለመለካት ተነሳች።

"ቆይ፣ ዶኛ። ያፈሰሱት ምንድን ነው?"

"የፓቻማማ ነዋ። የእናት ምድር ድርሻ።"

"በየቀኑ ያፈሳሉ?"

"ውሃ በተገኘ ቀን ሁሉ። እሷ ሳትቀምስ ማን ይነካል? ባለጌ አደረግሽኝ እንዴ?"

"ታዲያ ምነው ሳይጽፉት?"

"የለካሽውን ጻፊ አልሽኝ። እሱን መች ለካሁት?"

ማካሬና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኩባያው ሲለካ ግማሽ ሊትር ሆነ። ግን በትዝታ የተደመረ ቁጥር ፕሮፌሰሮቹ አይቀበሉም፤ ልኬታው እንደገና ሙሉ ዓመት መደገም አለበት፤ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ሁሉም ይለካ አለች። ሳቱርኒና ምድር ሁለተኛ ልትሆን ነው ብላ ተቆጣች። ጉሙ መሐል ቆመው ቁርስ ሰዓት እስኪያልፍ ተጨቃጨቁ።

በመጨረሻ ሳቱርኒና "መለካት መቅመስ አይደለም" ብላ ራሷ ፈረደች። መጀመሪያ ኩባያው ይለካል፣ ይጻፋል፣ ለምድር ይፈሳል፤ ቀጥሎ የቀረው ይለካል።

ሁለተኛውን ዓመትም እንዲሁ በየማለዳው ወጣች። ሲደመር ሲካፈል አማካዩ ከአራት ሊትር ትንሽ አለፈ፤ ሠላሳ ትልልቅ መረብም ተጭኖ መጣ። የዚያን ዕለት ልጇ ደወለና መቼ ልምጣና ልውሰድሽ አላት።

"መምጣቱን ና" አለችው። "መረብ የሚወጥር ጎበዝ አንሶናል።"