ያለበት ያልታወቀ

«ይሄን መደብ ዛሬ ካልቆረጥኩት እንቅልፍ አይወስደኝም!» አለ የባንኩ ተወካይ፣ ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደበራው የመደቦች ሠንጠረዥ ቀስሮ። በሌለበት «መቀሱ» ይሉታል። ስብሰባ ገብቶ አንድ ነገር ሳይቆርጥ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢፈቅዱለት የሰማይ ከዋክብትንም «በዝተዋል» ብሎ ግማሹን ያስቀር ነበር።

ዛሬ ሊቆርጥ የተነሳው «ያለበት ያልታወቀ» የሚለውን ነው።

ሥራው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ባንኩ፣ ጤና ቢሮውና የነዋሪዎች ምዝገባ አንዱ የሌላውን ዲጂታል መታወቂያ እንዲያነብ በጋራ መደቦች መስማማት አለባቸው። «ሰው» ምንድን ነው? «ሕያው» ማን ነው? «ሟች»ስ? በዚህ የተነሳ የተደረገው ጭቅጭቅ ተራራ ይንዳል። «አድራሻ» በሚለው ቃል ብቻ ሁለት የተከበሩ የመምሪያ ኃላፊዎች የእግዜር ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል። መደቦቹን የሚቀርጸው መሐንዲስም ቢሆን አፉ አያርፍም፤ እንደ እሱ ያለ ባለሙያ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያዋ ቢፈለግ እንደማይገኝ ለእናቱ ነግሯታል። «ቢሮዎቹ ሲገናኙ ወንድሜ በአንዱ በር ብቅ ማለቱ አይቀርም። አገኝልሻለሁ እማዬ» ብሎ ምሎላታል።

ታላቅ ወንድሙ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ከቀረ ስድስት ዓመት አልፎታል።

«እሺ፣ ሰው ጠፍቶ ሬሳው ካልተገኘ የት ልትከተው ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ወይ አለ፣ ወይ የለም! የምሠራው ባንክ ነው እንጂ ጠንቋይ ቤት አይደለም። ለግማሽ ሰው ሒሳብ አንከፍትም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የምዝገባው አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኛም ጋ እኮ የለም ልጄ። ልደት አለን፣ ጋብቻ አለን፣ ሞት አለን። መጥፋትን ማን መጥቶ ያስመዘግባል?»

«እናት ትመጣለቻ ጋሼ።»

«እናት ምን ብላ? ማስረጃዋ ምንድን ነው?»

መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ሰብሳቢዋ መለሰ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደንቡን ያወጣኸው አንተው ነህ» አለችው። «ቢያንስ ሁለት መሥሪያ ቤት የማይጠቀምበት መደብ አይግባ ብለሃል። ይሄ ያለው ጤና ቢሮ ብቻ ነው።»

ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የሚጠርገው የሰው ቤት ትርፍራፊ መስሎት ነበር።

ሠረዘው።

የቀረው በማረጋገጫው ፕሮግራም መፈተን ነው። ፕሮግራሙ የናሙና ሰዎችን በመደቦቹ ውስጥ ያሳልፍና የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ ቀይ፣ ካላገኘ አረንጓዴ ያበራል። ናሙና የሚሆነው ሰው ባለሙያው አብጠርጥሮ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል፤ መሐንዲሱም ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ «ናሙና አንድ» ብሎ ያስገባው የወንድሙን መረጃ ነው። ለማንም አልተናገረም። ለወራት ቀይ ሲያበራ የኖረው ያ ናሙና ነበር፤ አንዱ ቢሮ «አለ» ሲለው ሌላው «አላውቀውም» እያለ።

ዛሬ የሦስቱም ቢሮ ዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተከፈተ። ፕሮግራሙ ሁሉንም በርብሮ ጠየቀ። ሐኪም ቤት ሄዷል? አልሄደም። ባንክ? ሒሳቡን አልነካም። አድራሻ አድሷል? አላደሰም። በተስማሙበት ደንብ አምስት ዓመት ሙሉ በየትኛውም ቢሮ ዝር ያላለ ሰው «ሕያው» ሊባል አይችልም፤ ሕያው ላልሆነ ደግሞ የቀረው መደብ አንድ ብቻ ነው።

ናሙና አንድ፦ ሟች።

«አረንጓዴ!» ብሎ ጮኸ መቀሱ። «አንድም ግጭት የለም! አንተ ሰውዬ፣ ጉድ እኮ ነህ!»

ጭብጨባው የመስኮቱን መስታወት ሊያረግፈው ደረሰ። ዓለም ከተፈጠረች እንዲህ የተጨበጨበለት ሬሳ ኖሮ አያውቅም። መቀሱ አንገቱን አንቆ ሁለት ጉንጩን ሳመው፤ አዛውንቱም «ተባረክ» አሉት። መሐንዲሱ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ስልኩ ሲጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እናቱ ናት።

«ምነው ድምፅህ? አልበላህም አይደል?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ውሸታም። ስማ፣ የአክስትህ ልጅ መጥታለች፤ ትምህርት እዚህ ደርሷታል። ማደሪያ የላትም። እህትህ የወንድምህን አልጋ ስጫት ትለኛለች። ድንገት ከች ቢልስ? ‹አልጋዬን አከራየሽው› ብሎ ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነው የሚኖር! ነገረኛነቱን ታውቀው የለ?» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ያ ኮምፒውተርህስ… ምን አለ?»

በሩ ተከፈተና ሰብሳቢዋ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ና እንጂ፣ ፎቶ ልንነሳ ነው! ያላንተ ምን ይሆናል?»

በእጁ «ቆዪኝ» አላት።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«አልጋውን ስጫት።»

ከወዲያ እናቱ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማው።

«እሱ የተኛበትን አንሶላ ግን እንዳትነኪው» አለ። «እኔ መጥቼ አነሳዋለሁ።»